ኪቤ ያለ አይብ

መምህር ያስተማረው ሰው የሚያውቀው መምህሩ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው። ራሱን ያስተማረ ግን ወሰን የለውም! ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ እኔ አለሁ። ቤሩት፣ ደክዋኔ ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ናጡር፣ በኛ አነጋገር ዘበኛ ነኝ። ዐረብኛን በሩ ላይ ተቀምጬ ከነዋሪዎች ጭቅጭቅ ለቅሜ ነው የተማርኩት። ስናገር ትንሽ የተቆጣሁ እመስላለሁ እንጂ ቋንቋዬስ ጥርት ያለ ነው።

ይህን የማታምን አንዲት ሴት አለች። አግብቻታለሁ።

ባለቤቴ አስካለ፣ አሽራፊዬ በሚባለው ሰፈር ማዳሟ ቤት ስትሠራ ዘመኗን ስለፈጀች፣ ዐረብኛ የግል ንብረቷ ይመስላታል። ለሠላሳኛ ዓመት ጋብቻችን ባትሩን ወደሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ወርደን፣ ባሕሩን እያየን እንብላ እንጠጣ ብላት...

«ማን ሊያዝልን?» አለች።

«እኔ ነኛ!»

«ያላ፣ እንወራረድ! እኔ እስክንመለስ አንዲት ዐረብኛ ትንፍሽ አልልም። አንተ ‹እርጂኝ› ካልከኝ ግን፣ እሑድ ዐረብኛ ከሚማሩት አዲስ መጪ ልጆች ጋር ክፍል ገብተህ ‹አሊፍ፣ ባ› ትላለህ።»

«አንቺ ከተነፈስሽስ?»

«እዚያው ክፍል ቆሜ፣ የባሌ ዐረብኛ ከኔ ይበልጣል እላለሁ።»

እኔ፣ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው፣ በስተርጅና አግዳሚ ላይ? ሞቴን እመርጣለሁ!

ባትሩን ደረስን። ማዕበሉ ጫማችንን ሊልስ የሚቃጣበት ምግብ ቤት ተቀመጥን። ዐረቅ አዘዝኩ፤ መጣ። (የነሱ አረቄ ውሃ ሲነካው መልኩን ይቀይራል፤ የኛው የሚቀይረው ጠጪውን ነው።) ሆሙስ አልኩ፤ መጣ። ዓሣ አልኩ፤ መጣ። አስካለ ከንፈሯን ነክሳ ዝም!

ከዚያ ኪቤ ናዬ መጣ። የማታውቁት ብትኖሩ፣ ልሞ የተወቀጠ ጥሬ ሥጋ ነው። ክትፎ በሉት! እንግዲህ ክትፎ ያየ አበሻ በምን ቋንቋ እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። ጮክ ብዬ፣

«አይብ! አይብ የለም እንዴ?!»

አስተናጋጁ በቆመበት ደረቀ። ቤሩት የኖራችሁ ገና አሁን ሳቃችሁ። ላልኖራችሁ ልንገራችሁ፦ በዐረብኛ «አይብ» ማለት «ነውር!» ማለት ነው።

«ሹ ፊ፣ ዓሞ? ምን ተፈጠረ?» አለኝ።

ምን ጎደለህ ያለኝ መሰለኝ። ጣቴን ሳህኑ ላይ ቀስሬ «አይብ!» አልኩት። ሳህኑን አንሥቶ ሮጠ።

«አየሽ? ሊያመጣ ሄደ» አልኳት።

አስካለ የጠረጴዛውን ጨርቅ አፏ ውስጥ ልትከት ምንም አልቀራት።

አዲስ ሥጋ መጣ፤ ከፊተኛው የበዛ፣ በናና ያጌጠ። አይብ ግን... የለም!

«አይብ፣ ወዳጄ! አይብ!»

አሁን ወጥ ሠሪው ወጣ፤ ከኋላው የቤቱ ጌታ። ጌትየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በጉ ዛሬ ጠዋት የታረደ ለመሆኑ በእናቱ ማለ። በየጠረጴዛው ያለው ሰው የየራሱን ሳህን ማሽተት ጀመረ።

ያኔ ገባኝ። ላስረዳ ብዬ አፌን ብከፍት፣ የአይብ ዐረብኛው ከየት ይምጣ? እኔ በር ላይ በአይብ የተጣላ ነዋሪ የለማ!

ወደ አስካለ ዞርኩ። «እር...» ካልኩ በኋላ አሊፍና ባ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታዩኝ። ዋጥኩት። ወጥ ሠሪው ጌታውን እያየ ሽርጡን መፍታት ጀመረ። ምስኪን፣ ከእንጀራው የተባረረ መስሎታል።

ይህን ጊዜ አስካለ አላስቻላትም፤ በዐረብኛ፣

«ጅብኔ! ጅብኔ ነው የፈለገው! በኛ ቋንቋ ጅብኔ ‹አይብ› ይባላል!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ጌትየው ሳቀ፤ ወጥ ሠሪው ሽርጡን መልሶ እያሰረ ሳቀ፤ የጎረቤት ጠረጴዛ ዐረቅ ጋበዘን።

እኔ? አሸንፌያለኋ! ተናገረች፣ ኸላስ፣ አለቀ!

እሑድ ቃሏን ጠበቀች። ከየማዳማቸው ቤት ፈቃድ ይዘው በወጡት ልጆች ፊት ቆማ እንዲህ አለች፦

«የባሌ ዐረብኛ ከኔ ይበልጣል። እኔ በየወጥ ቤቱ ‹አይብ› ሲሉኝ ዕድሜዬን ሙሉ አጎንብሼ አለፍኩ። እሱ አንድ ቀን መልሶ አላቸው፤ ወጥ ቤቱ በሙሉ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀው።»

ልጆቹ ጭብጨባውን አቀለጡት። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ፤ ይገባኛል።

አይቡ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።