ሊብሬው ላይ ያለው ሰው

በእኛ ሀገር መኪና ሁለት ባለቤት አለው፤ አንዱ የሚነዳው፣ ሌላው ሊብሬው ላይ የተጻፈው። እኔና እናንተ መኪና ስንገዛ «ስም ማዞሩ ይደርሳል» ብለን ውክልና እንቀበልና ቁልፉን ኪሳችን እንከታለን። ከዚያ በሰው ስም እንነዳለን፣ በሰው ስም እንቀጣለን፣ በሰው ስም እንኮራለን። መኪናው አሮጌ ከሆነማ ውክልና በውክልና ላይ እየተደረበ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር፣ ባለቤቱን መፈለግ የዘር ሐረግ እንደ መቁጠር ነው።

እኔ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ነኝ። ቀኑን ሙሉ የወንበራቸው ላስቲክ ያልተላጠ አዳዲስ መኪኖችን ለሌላ ሰው አስፈትሼ አስወጣና ማታ በታክሲ አዳማ እገባለሁ። የተማርኩት ለዚህ አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲ ከክፍሌ አንደኛ ሆኜ ስመረቅ ረዳት መምህር ሆኜ እዚያው እንደምቀር ያልነገረኝ ሰው አልነበረም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አስፋው ግን «ጠባዩ አይመችም» ብለው ቦታውን ለሁለተኛው ሰጡት። ያን ጊዜ ጠባዬ ይመች ነበር። የማይመቸው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ መቂ ሄጄ፣ አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ከሽንኩርት ጆንያ ጀርባ ሰማያዊ ቮልስ አየሁ። ቮልስ ስታዩ ደስ አይላችሁም? እንደ ተኛ ሕፃን ክብ ነው። ነጋዴው የሚሸጥ መሆኑን ነግሮኝ ሊብሬውን አቀበለኝ። ገለጥኩት። አስፋው፣ ከነአባታቸው ከነአያታቸው። ነጋዴው ዶክተሩ የፈረሙለትን ውክልና ለእኔ ሊያስተላልፍልኝ ዝግጁ ነበር። ዋጋ አልተከራከርኩም። ሃያ ዓመት ሙሉ እላዬ ላይ የተቀመጠ ሰው ላይ ቁጭ ብሎ መንዳትን የመሰለ ነገር የት ይገኛል?

ከዚያ በኋላ እሑዶቼ ሁሉ የቮልሱ ሆኑ። መካኒኩ ከድር «ይሄ መኪና አይጠገንም፣ ይባበላል» ይለኛል። እውነቱን ነው። ካንዴላውን ስጠርግ፣ ፓራፋንጎውን በለስላሳ ጨርቅ ሳሽ፣ ከሰዓት በኋላው ሳይታወቀኝ ያልቃል። አመሻሽ ላይ ወደ ወንጂ ቀስ ብዬ እነዳለሁ፤ የሸንኮራው ማሳ በግራና በቀኝ እንደ ውሃ ይተኛል፣ ሞተሩ ከኋላዬ ያንጎራጉራል፣ እኔም ለጥቂት ኪሎ ሜትር ማንንም አልጠላም።

ሰው የወደደውን ነገር ማጣት ይፈራል። ሙሉ ኢንሹራንስ ልገባለት ሄድኩ። የኢንሹራንሷ ልጅ መጀመሪያ ሳቀች። «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ያልሞተ ነገር አሁን ምን ይሆናል ብለው ነው?» ከዚያ ሊብሬውን አገላበጠችና ሳቋን አቆመች።

«ባለንብረቱ በሕይወት አሉ?»

«ምነው?»

«ውክልና ከሰጪው ጋር ነው የሚኖረው። እሳቸው ካረፉ እሱም ያርፋል። መኪናው የወራሾች ነው፤ እርስዎ ቆመው ማየት ነው።»

መቂ ደወልኩ። ነጋዴው «ዶክተሩ ቡልቡላ እህታቸው ቤት ናቸው። ልባቸውን ነው አሉ። ፈጠን በል ወንድሜ» አለኝ።

ሞታቸውን በትዕግሥት ስጠብቅ የኖርኩት ሰውዬ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለጤናቸው መጸለይ ጀመርኩ። ያውም ከልቤ።

በማግስቱ ማለዳ በአሮጌው መንገድ ወጣሁ። የቆቃ ውሃ ጉም ለብሷል። ግራሮቹ አንድ በአንድ እየመጡ ያልፋሉ፤ የሚሄዱት እነሱ፣ የቆምኩት እኔ የሆንኩ እስኪመስለኝ። አንድ የአህያ ጋሪ ቀደመኝ። ሃያ ዓመት ስሞርደው የኖርኩትን ንግግር ለመሪው እያነበነብኩለት ሄድኩ፤ መጀመሪያ ይፈረማል፣ ከዚያ ይነገራል።

ቡልቡላ ስደርስ እህትየው «አካም ጅርታ፣ ግባ ግባ» ብለው በሩን ከፈቱልኝ። ዶክተሩ በረንዳ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። እጃቸውን አነሱ። «አታጥፋው!» ዓይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን አዳመጡ። «አንዱ ካንዴላ እየዘለለ ነው» አሉ፤ ልክ ነበሩ።

ስሜን ነገርኳቸው። ሙሉውን፣ ረግጬ። ፊታቸው ቀስ ብሎ በራ።

«አንተ ነህ እንዴ! ሰው ሁሉ ‹ጠባዩ አይመችም› ሲለኝ፣ ተሟግቼ ያስቀጠርኩህ! እህ፣ ማስተማሩ እንዴት ነው ልጄ?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ አበው። የወጋ ሰው ወግቶ እንዳከመ ሆኖ ሲያስታውስ ምን እንደሚባል ግን የነገሩን የለም። ንግግሬ ምላሴ ላይ ነበር። የሚፈርመው እጅ ደግሞ ገና ጋቢው ላይ ነበር።

«ደህና ነው ዶክተር» አልኩ። «እርስዎ ባይኖሩ እዚህ አልደርስም ነበር።»

ይህ እንኳ እውነት ነው።

በዚያው ቀን በራሳቸው መኪና ባቱ ወሰድኳቸው። ውል የሚያዋውለውን ሰው ገና ሳይቀመጡ «ይሄን መምህር እኔ ነኝ የቀጠርኩት» አሉት። ሰውየው ብድግ ብሎ «መምህር፣ ይቀመጡ» አለኝና ወንበሩን ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ወንበር ባይሆንም ወንበር ነበር። ዶክተሩ ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ።

አሁን ሊብሬው በስሜ ነው፤ ኢንሹራንሱም ገብቷል። እሳቸውም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይተነፍሳሉ። እውነቱን ብነግራቸው የሚቀርብኝ ነገር የለም። ነገር ግን በየቅዳሜው ደውለው «ተማሪዎቹ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል። መጀመሪያ «ደህና ናቸው» እል ነበር። ከዚያ የአንደኛ ዓመቶቹ እንደማያነቡ አማረርኩ። ከዚያ ኋላ ወንበር ላይ ስለምትቀመጥ፣ ጥያቄዋ ስለሚያስጨንቀኝ አንዲት ልጅ ነገርኳቸው፤ አሁን ከሰላምታ በፊት ስለሷ ነው የሚጠይቁኝ። ባለፈው ወር ለራሴ ዕድገት ሰጠሁ፤ ረዳት ፕሮፌሰር። «እንኳን ደስ አለህ ልጄ» ሲሉ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። የኔም።

ከመምህርነቱ የቀረብኝ ደመወዙ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን፣ ከሚያስተምሩት ጓደኞቼ እንደምሰማው፣ ብዙ አልቀረብኝም።