ለሶፍትዌር ፈቃድ የቆመ ዋስ

የጽሕፈትና የኅትመት ቤቱ ውስጥ አራት ነበርን፤ ባለቤቱ ጋሽ አለምነው፣ የሶፍትዌር ፈቃድ በቅናሽ የሚቸረችረው ኑሩ፣ በደብረ ታቦር ከብት ገበያ በዋስነት የታወቁት አያ ደሴና እኔ።

ያለ ዋስ ክብሪት የማይገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጋሽ አለምነው ናቸው።

«የተሰረቀ ቢሆንስ? ለበሬ ዋስ ጠርቼ ለማላውቀው የፈቃድ ቁጥር ልተው?» አሉ።

አያ ደሴ ዋስ ሆኑ። ቁጥሩ ሲገባ ኮምፒውተሩ «ይህ ፈቃድ በሌላ ሰው ተይዟል» ብሎ ፕሮግራሙን ዘጋው። ከሰዓት የሚወሰደው የሠርግ ጥሪ ገና አልታተመም።

አያ ደሴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው «ዋሱ እኔ ነኝ፤ ክፈትላቸው!» አሉት። እምቢ አለ።

«አንተስ ስትገዛ ዋስህ ማን ነበር?» ሲሉ ወደ ኑሩ ዞሩ።

«አያ፣ በስልክ ነው የገዛሁት» አለ ኑሩ።

ዋስ ናቸውና ጥሪዎቹን በእጃቸው ይጽፉ ጀመር፤ እኛም አገዝን፤ ጥሪው ለሰዓቱ ደረሰ። ከልማድ የተነሣ በስንቱ ካርድ ግርጌ «ዋስ፦ ደሴ» ብለው እንደፈረሙ ግን አልቆጠርሁም፤ ጋሼ፣ ኑሩ፣ እስኪ የቀረውን እናንተ ጨምሩበት።