ስም በቁጥር አይጀምርም

በየቤቱ ሥራውን ከጫማው ጋር በር ላይ ማውለቅ ያቃተው አንድ ሰው አይጠፋም። መምህርት ከሆነች የባሏን ወሬ ታርማለች፤ የትራፊክ ፖሊስ ከሆነ ልጆቹን ኮሪደር ላይ ያስቆማል። የሚብሰው ግን የድረ ገጽ ፕሮግራም የሚጽፈው ነው። እናትየው ይህን የምታውቀው አንድ ልጇ የዚህ ሥራ ሰው ስለሆነ ነው።

"ክቡር ስም አውጪ" ብሎ በቀልድ የሰየማቸው አባታቸው ነው። ክቡርነታቸው ቀኑን ሙሉ ጃቫስክሪፕት በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ሲጽፉ ይውላሉ። እዚያ ውስጥ ቫሪያብል የሚሉት አለ፤ እናትየው እንደገባት ክዳን ያለው ዕቃ ነው፣ ውስጡ ይቀያየራል፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ስም ግን ባለበት ይቆያል። ስሙም ደንብ አለው። በቁጥር አይጀምርም። በመካከሉ ክፍት ቦታ አይኖረውም፤ ቃላቱ ከታች በምትሰመር ሰረዝ ይያያዛሉ። ቋንቋው ለራሱ የያዛቸውን ቃላት መውሰድ ክልክል ነው። ከሁሉም በላይ፣ "ምንነቱን ለማያውቅ ሰው መናገር አለበት፣ እማዬ።"

ይህ ሁሉ እዚያው ቢሮ ቢቀር ማን ጠላ። አንድ ቅዳሜ ክቡርነታቸው ወረቀትና ማጣበቂያ ይዘው ኩሽና ገቡ። የስኳሩ ጣሳ "ስኳር_የሻይ" ሆነ። አባትየው መነጽሩን ቢፈልግ ማኅደሩ ላይ "መነጽር_የማንበቢያ_አልጋ_ሥር_የማይቀመጥ" የሚል አገኘ።

"እኔ ላይስ መቼ ነው የምትለጥፈው?"

"አባዬ የተያዘ ቃል ነው፤ አይነካም" አሉ፣ ሳይስቁ።

እናትየው ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ደረቀ። ባሏ ልቡን ከታመመ ወዲህ በቀን አሥር ጊዜ መሳቢያውን ከፍታ ትዘጋለች። ሦስት ነጭ ብልቃጦች አሉ፤ መልካቸው አንድ ነው። የጠዋት፣ የማታ፣ ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘው ደግሞ ከምላሱ ሥር የሚደረግ። በእስክሪብቶ 1፣ 2፣ 3 ብላ ጽፋባቸዋለች።

"ሦስት ማለት ምንድን ነው?" አሉ ክቡርነታቸው።

"እኔ አውቀዋለሁ።"

"ዛሬ ታውቂዋለሽ። ስትደነግጪስ?"

ቁጥሮቹን ፍቀው ረጃጅም ስም የተጻፈበት ወረቀት ለጠፉ። "አስረጀኝ እኮ" ብላ ለባሏ አጉረመረመች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ባሏ ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። መሳቢያውን ስትስበው ተነቅሎ ወደቀ፤ ብልቃጦቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። የቱ ምን እንደነበረ ከጭንቅላቷ ጠፋ። ተንበርክካ አንዱን አነሳች፤ የማታው ነው። ሁለተኛውን አነበበች፦ "ደረቱን_ሲይዘው_አንድ_ከምላስ_ሥር_ከዚያ_ደውዪልኝ"።

እንደተጻፈው አደረገች።

እየሮጠ የመጣው ክቡር ስም አውጪ አልነበረም። የጫማው ማሰሪያ የተፈታ ልጇ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ አባትየውን አይቶ "በሰዓቱ ነው የደረሳችሁት" እስኪል ድረስ የእናቱን እጅ አልለቀቀም።

በማግስቱ ጠዋት ክቡርነታቸው ምሳ ዕቃቸው ላይ በእሷ እጅ ጽሑፍ የተለጠፈ ወረቀት አገኙ፦ "1_ልጄ_ምሳውን_እንዳይረሳ"። ሊያርሙ አፋቸውን ከፈቱ።

"በቁጥር አይጀምርም፣ አይደል?" አለች፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ።

ወረቀቱን ሳይቀደድ አላቀቁትና ኮምፒውተራቸው ክዳን ላይ አጣበቁት።

"ይሄኛው ይጀምራል" አሉ።