ባለቤቴን ያጠናሁ ጊዜ

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላሉ አባቶች። አልዋሹም፤ ግን ሳይጨርሱት ነው የተዉት። መጠየቅ ወንደላጤም ያደርጋል። እኔን አድርጎኝ ነበር።

ሰመራ፣ በዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ፖሊሲ ጥናት ማዕከል ውስጥ ተመራማሪ ነኝ። ሥራችን ባጭሩ፣ ሰው ኑሮውን እየኖረ ሳለ ሄዶ «ለመሆኑ እንዴት ነው የምትኖረው?» ብሎ ማባነን ነው። ያን ዓመት የያዝነው ጥናት፣ ከሌላ ቦታ የመጡ ሠራተኞች ሰመራን ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚለቁ ነበር። መጠይቁ መጀመሪያ ይሞከር ተባለ። በማን? እኔ እንደሆንኩ እቤቴ አስተማሪ አለችኝ፤ ባለቤቴ ሰብለ፣ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ልጅ።

አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ ሲያመላለስ፣ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ መመለስ ጀመረች። ከዚያ ማሰብ ጀመረች። እዚህ ላይ መተው ነበረብኝ፤ ተመራማሪ ግን መች ይተዋል!

«ምርጫው የእርስዎ ቢሆን የት ይኖሩ ነበር?» አልኳት በአንቱታ፤ ወጉ ነዋ።

«አዋሽ» አለች። «እንዴ! ይህን እኮ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ትምህርት ተዘግቷል። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች፤ ዝውውር እንደምትጠይቅም ነገረችኝ። ጠብ የለ፣ ኩርፊያ የለ። ብንጣላ ሽማግሌ እልክ ነበር። በመጠይቅ ለሄደች ሚስት ምን ሽማግሌ ይላካል?

አንድ ሳምንት ቻልኩ። ከዚያ ጎረቤታችን ሎጊያ ከተማ ሄጄ፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፍሬ አዋሽ ገባሁ። በር የከፈቱልኝ አባቷ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ አስረዳኋቸው።

«ጠየቅካት፤ መለሰችልህ። ታዲያ ምን አጠፋች?»

«ምንም፣ አባባ።»

«ይህን ሁሉ ስትጠይቃት፣ አብረሽኝ ሁኚ ብለሃታል?»

መጠይቁ ላይ አልነበረም።

ሰብለ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ጠጋ አልኩና፣ «ሰብልዬ፣ ቤቱ ያላንቺ ቤት አልሆነኝ አለ። እንመለስ?» አልኳት።

«ስንት ምርጫ አለው?» አለች ሳትዞር።

«አንድ።»

«እንዲህ ያለ ጥናት አለ?»

«ጥናት አይደለም፤ ልመና ነው።»

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ስትስቅ ነው።

«ሙቀቱ እንደሆነ ያው ነው» አለች።

«ያው ነው።»

«እሺ፤ ክረምቱን እዚህ ልጨርስና እመጣለሁ።»

መጣችም። ጥናቱ አልቆ ሲቀርብ የሙከራው መልስም አብሮ ይደመር ተባለ፤ የተሰጠ መልስ ደግሞ አይነካም። ስለዚህ በሪፖርታችን መሠረት ባለቤቴ ሰመራን ሊለቁ ካሰቡት ወገን ናት። ይህንን ስጽፍላችሁ ግን ከግቢ ድምጿ ይሰማኛል። «ውሃ መጥቷል፤ ጀሪካኑን ይዘህ ና!» ትላለች።

የሰመራ ውሃ ተመራማሪ አይጠብቅም፤ ልነሳ።