ሚዳቋን ያጠናከርን ሰሞን

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። የቆመ ዕቃ ምን እንደሚበዛበት ግን እኛን ጠይቁን። ባለቤት ነው የሚበዛበት። ዕቃ እየሠራ ሳለ የአንድ ሰው ነው፤ ሥራ ፈትቶ አጥር ጥግ ከቆመ የሰፈር ነው። መጀመሪያ አንዷ ልብስ ታሰጣበታለች። ከዚያ ድመት ትወልድበታለች። ቀጥሎ አንዱ ጎንበስ ይልና «ይቺ ብሎን እንግዲህ ለምንም አትሆን፣ አይደል?» ብሎ ፈትቷት ይሄዳል። ይህን የሚያደርግ ሌባ ነው እንዳትሉ። ሌባ ሳይጠይቅ ይወስዳል፤ ጎረቤት ጠይቆ ይወስድና ሳይመልስ ይቀራል። ልዩነቱ ሰላምታው ነው።

ነገሬ ስለ ጋሽ ወልዴ ሞተር ነው። ጋሽ ወልዴ መካኒሳ አቦ ከኔ ጋር አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ሰው ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው ገጠር ለገጠር እየዞሩ ከብት ይከትቡ ነበር። የሚዞሩባት ሞተር ትንሽ ናት፤ ጎማዋ ጥርሳም፣ የጭቃ መከላከያዋ ከጎማው ራቅ ብሎ ወደ ላይ የተሰቀለ። ጉድጓድ ስትዘል አይተን «ሚዳቋ» አልናት። ያኔ ላፍቶ ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ነበር። ክረምት ሲገባ ወደኛ ታክሲ ቀርቶ ጋሪም አይደፍርም። ሚዳቋ ብቻ ናት የምትገባው። አመሻሹ ላይ ድምጿን ስንሰማ ሰዓት ማየት አያስፈልገንም፤ ሽሮ የምንጥድበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ጋሽ ወልዴ ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤታቸው «አሮጌ ንብረት» ብሎ ሊያስወግዳት ሲል፣ እሳቸው ገዝተው ቤታቸው አስገቧት።

የሚዳቋን ውለታ እኔ ነኝ የምመሰክረው። ሁለተኛ ልጄን ሳምጥ ነሐሴ ነበር፣ መንገዱ ጭቃ ብቻ። ጋሽ ወልዴ ከፊት፣ እኔ መሃል፣ ሚስታቸው እትዬ አስካለ ከኋላዬ ጥብቅ አድርገው አቅፈውኝ ጤና ጣቢያ ደረስን። ሦስት ሰው በአንዲት ሚዳቋ! አራት ነበራችሁ ብትሉኝም አልከራከርም። ያ ልጄ ዛሬም መኪና ላይ ሲወጣ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ከዚያ የመጣ ነው እላለሁ። ያኔ እትዬ አስካለ ቀጭን ነበሩ።

ሁላችንም ነበርን።

ከዚያ ኮብልስቶን ገባ፣ ታክሲ በዛ፣ ሚዳቋም ቴላዮዋ፣ ማለትም አጥንቷ፣ ከመቀመጫው ሥር ተሰነጠቀና አጥር ጥግ ሸራ ለብሳ ቀረች። ቅያሳችንም ጠበበ። ማን አጠበበው ካላችሁ፣ ማንም አላጠበበውም። እኔ አጥሬን ሳድስ አንድ ክንድ ብቻ ወደ ውጭ ወጣሁ። የፊት ለፊቶቼ እኔን አይተው ክንድ ከስንዝር ወጡ። ሌላውም ሞኝ አይደለም። ዛሬ ባጃጅ እንኳ አይገባበትም። ታዲያ በዚሁ መሃል የእትዬ አስካለ ጉልበት ተያዘ። ከአልጋ እስከ ግቢያቸው በር በምርኩዝ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወዴትም። ሁለት ዓመት ሙሉ የአቦን ቅዳሴ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው በድምፅ ማጉያ ሰሙት። ዳገቷን ቢወጡ ቤተ ክርስቲያኑ እዚያው ነው። የጠፋው መውጫው ነው።

ጳጉሜን ውስጥ አንድ ጠዋት ጋሽ ወልዴ ሸራውን ገፈው ሚዳቋን ትኩር ብለው ሲያዩ አየኋቸው። (ለማየት ብዬ አይደለም፣ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ነው።)

«ምነው ጋሽ ወልዴ፣ ለቆራሌው ሊሰጧት ነው?»

«ቆራሌው ራስሽን ይውሰድሽ! የጥቅምት አቦን አስካለን ይዣት እወጣለሁ።»

ሐሳቡ ልክ ነው። ባጃጅ በማይገባበት ሚዳቋ ትገባለች። ግን ከሚዳቋ ምን ቀርቶ? ሞተሩና የተሰነጠቀው አጥንቷ ብቻ። የቀረው አካሏ በየቤቱ ነው። ጋሽ ወልዴ ማዳበሪያ ይዘው ቤት ለቤት ወጡ። ካቴናዋ የባለሱቁን በር ስትቆልፍ ተገኘች። መቀመጫዋ ላይ ጫማ ሰፊው ተቀምጦበት ነበር፤ ተነስቶ ሰጠና ቆሞ ዋለ። የጭቃ መከላከያዋ የአንዱን ጣራ ውሃ ሲያወርድ፣ የፊት መብራቷ ቆብ ደግሞ ዳማከሴ በቅሎበት ተገኘ፤ ከነዳማከሴው መለሱላቸው። እሳቸው ማንንም ለምን ወሰድክ አላሉም። «አቆያችሁልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው የሚሉት። ይህ ከስድብ ይብሳል።

እኔ ጋ የመጡት መጨረሻ ላይ ነው። የሚዳቋ ስፖኪዮ የኔ በር ቋሚ ላይ ነበር። ወጥ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቅያሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳየኛል፤ ማን ማን ቤት ገባ፣ ምን ይዞ ወጣ። ለጥበቃ ነው። ጋሽ ወልዴ በሩ ላይ ሲደርሱ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ገጠምን።

«የሺ፣ እሱ እንኳ ይቅርብሽ» አሉኝ በደግነታቸው። «ያለ እሱም ይነዳል።»

ይሄኔ ከአጥር ማዶ የእትዬ አስካለ ድምፅ መጣ። «ውሰድ ወልዴ! እሷ ያለ መስታወትም ታያለች!»

ነቅዬ ሰጠሁ። ምን ልበል? ያቺን የነሐሴ ቀን ያቀፉኝ ክንዶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን ጉዳይ ከሰው በመስማት ብቻ ነው የያዝኩት፤ የሰው ወሬ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አይታመንም።

ብየዳውን ለሸምሱ ሰጡት። ሸምሱ ቅያሱ አፍ ላይ በርና መስኮት የሚሠራ፣ እጁ የተባረከ ልጅ ነው። ጋሽ ወልዴ ግቢ መጥቶ ስንጥቁን አየና አንገቱን አከከ።

«ጋሼ፣ ለብቻዎ ከሆነ ይቺን ሰፍቼ እለቃለሁ። ለሁለት ሰው ግን...» አለ። የቆምነው ሁሉ፣ ሳንነጋገር፣ እትዬ አስካለን አየን።

«በሉት እንጂ!» አሉ ከበርጩማቸው ላይ። «ወፍራም ናት በሉ! የራሴ ነው፣ እንደናንተ ከማንም አልተዋስኩት።»

ሸምሱ ስንጥቁን በየደ፣ ከጎንና ከጎኑ በቱቦ ቁራጭ ደገፈው። እዚያ ላይ ብናቆም ይበቃ ነበር። አላቆምንም። መዋጮ ላይ እኛ ሰፈር ማን ወደ ኋላ ሲል አይታችኋል? የሞተሯን ዕቃ ወስዶ ያፈረ ሁሉ ለእፍረቱ ማስታገሻ ብረት ይዞ መጣ። ባለሱቁ ላሜራ፣ ጫማ ሰፊው ፌሮ፣ እኔ የድሮ አልጋዬን እግር። «እዚህ ጋ ደግፍበት።» «ሰው ነው የምትጭንበት፣ ቆጥበህ ምን ልታደርገው ነው?» «የኔን ካልበየድክማ ንቀኸኛል ማለት ነው!» ሸምሱ የማንን ተቀብሎ የማንን ይመልስ? ደግሞ ዕድሜውን በር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ብረት በጨመረ ቁጥር በር ይጠነክራል እንጂ ምን ይሆናል? በር መንገድ አይሄድ። ጋሽ ወልዴ አንድ ሁለቴ «አይበቃም?» አሉ። ግን ለእሳቸው ብሎ ብረት ተሸክሞ የመጣን ጎረቤት በምን አፋቸው ይመልሱ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሃምሳው ሰው ተሰብስቦ ሎሚውን በአንዱ ጀርባ ላይ ሲጭንስ? ለዚህ ተረት አልተተረተም።

ጥቅምት አምስት ደረሰ። እትዬ አስካለ ሁለት ዓመት ሳጥን ውስጥ የከረመ ጫማቸውን አደረጉ፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ለበሱ፣ በአራት ሰው ድጋፍ ወጥተው ተቀመጡ። ጋሽ ወልዴ ረገጧት። ተነሳች! ያ የድሮ ድምፅ ቅያሱን ሲሞላው፣ አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ከዚያ ዳገቷ ጋ ስትደርስ ሚዳቋ ጮኸች፣ አጨሰች፣ ቀጥ አለች። ጋሽ ወልዴ ወርደው ሞከሩ። እምቢ። እንደገና። እምቢ። ከላይ እልልታው ይሰማል፤ ታቦቱ ሊወጣ ነው። ጋሽ ወልዴ ሚስታቸውን ላለማየት ሞተሩ ላይ አጎነበሱ፣ ግን ምንም የሚፈታ ነገር አልያዙም ነበር።

«ምን ታዩኛላችሁ፣ ግፉ!» አለ ሸምሱ።

ገፋን። ባለሱቁ፣ ጫማ ሰፊው፣ ሸምሱ፣ እኔ፣ ያገኘነው ሁሉ። ጋሽ ወልዴ ከጎን መሪውን ይዘው። ታቦቱ ከመቅደስ ሲወጣ እትዬ አስካለ ከነሞተራቸው ከደጁ ደረሱ፤ እጃቸውን ዘርግተው፣ ነጠላቸው በእንባ እስኪርስ አለቀሱ። ሸምሱ ከቅጥሩ ውጭ ላቡን እየጠረገ ጠበቀን።

ስንመለስ ነው የተናገሩት።

«እኔ የምለው፣ እኔንም ይህን ሁሉ ብረትም አንድ ላይ ገፍታችሁ ካደረሳችሁ፣ እኔን ብቻዬን በወንበር ብትሸከሙኝ አይቀላችሁም ነበር?»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ሁለት ዓመት ሙሉ ትከሻ ነበረን፤ ለአንዳችንም አልታሰበንም። ያዳኑን ጋሽ ወልዴ ናቸው።

«አስካለ፣ ቢጠይቁሽስ እሺ ትያቸው ነበር?»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«በሰው ትከሻ? ምን፣ ሞቻለሁ?»

ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በአምስት እንወጣለን። ለሚጠይቃቸው ሁሉ «በሞተር ነው የምመላለሰው» ይላሉ፣ ቀና ብለው። እኛም «አዎ፣ በሞተር ነው» እንላለን። ቤንዚን መቅዳቱን ግን ከተውነው ቆየን።