የታደለች እናት የት ቀሩ?

መምህር መጠየቅ ይወዳል፤ መስማት ላይ ግን ብዙዎቻችን ሰነፎች ነን። ተማሪ አፉን በከፈተ ቁጥር ስህተቱን ስናሳድድ፣ ልጁ ሊለን የፈለገውን ሳንሰማ ደወል ይደወላል። እናንተም ተማሪ ነበራችሁና ታውቁናላችሁ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ያለው ሰው እንደ እኔ ያለ የአማርኛ መምህር ያስተማረው ሳይሆን አይቀርም።

ዲላ ማስተማር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። የመናገር ምዘና ከዐሥር እይዝ ነበር፤ ተማሪው ወጥቶ ስለፈለገው ነገር ያወራል። አብዛኞቹ ከታላላቆቻቸው የወረሱትን «በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጡኝ» የሚል ንግግር እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ እኔም ዘጠኝ እሰጣለሁ። ከኮንጋ መጥታ አክስቷ ቤት ሆና የምትማረው ታደለች ግን የራሷን ወሬ ይዛ ወጣች። አባቷ አዲስ ሞተር ገዝቶ፣ እናቷን ከኋላ አፈናጥጦ ወደ ይርጋጨፌ ገበያ ይሄዳል። መንገዱን ሙሉ ሲያወራላት፣ ዛሬስ አፍ አልመለሰችልኝም ብሎ ደስ ሲለው፣ ገበያ ደርሶ ዞር ቢል እናት የለችም። የት እንደቀረች ልትነግረን ስትል አማርኛው አጠራትና በጌዴኦኛ ቀጠለች።

«በአማርኛ!» አልኩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ታደለች ትንሽ ቆማ ቃሉን ፈለገች፤ ስታጣው ሄዳ ተቀመጠች። ሁለት ሰጠኋት። ከዚያ ወዲያ እጇን አላወጣችም፤ በዓመቱም ትምህርቷን ትታ ኮንጋ ተመለሰች አሉኝ።

ዛሬ «በጌዴኦኛ ጀምሩት፣ አማርኛውን አብረን እንፈልገዋለን» እላለሁ። አንዱ ሲያጥረው ሌላው ያቀብለዋል፤ ክፍሌ ገበያ ሆኗል። ያቺ ልጅ ግን ናፈቀችኝ። ስንቱን ጥሩ ወሬ ሰምቼ የሷ ቀሪ ወሬ ይናፍቀኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ዲላ ገበያ አቮካዶ ስትሸጥ አገኘኋት። ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ «እናትሽ የት ቀሩ?» አልኳት።

«አልረሱትም እንዴ፣ ቲቸር?» ብላ ሳቀች። «በአማርኛ ልንገርዎት?»

«በፈለግሽው።»

በጌዴኦኛ ጀመረች። በእጇ ሞተር ትነዳለች፣ ዞር ትላለች፣ ድምጿን እንደ አባቷ ታጎረንናለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሻጮች ሆዳቸውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ስትጨርስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «በአማርኛ» የምትለዋን ቃል ሁለተኛ ለማውጣት አፌ እምቢ አለኝ።

ሳቅሁ። ዐሥራ አራት ዓመት ዲላ ኖሬ ጌዴኦኛ አልሰማም፤ እናቷ የት እንደቀሩ ዛሬም አላውቅም።