ሀበሻን ያጠና ሰዓት

ሀበሻ ሁሉ ውሸታም ነው። ቆይ፣ ገጹን አትግለጡብኝ… ስለ ሰዓት ብቻ ነው የምለው። በሌላው ነገር ሐቀኞች ነን። ስድስት ሰዓት ተብሎ የተጠራ ልደት ስምንት ላይ እንደሚጀመር ጠሪው ያውቃል፣ ተጠሪው ያውቃል፣ ኬኩም ሳይቀር ያውቃል። (የምነግራችሁ ሰዓት ሁሉ በምኖርበት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ በሱ ደግሞ እንዳንጣላ።)

እኔ ግን የምሠራው ሳን ሆዜ፣ ይህን ውሸት ከማያውቁ ሰዎች ጋር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ያሉት ስብሰባ ዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል። የምኖረው ደግሞ ኦክላንድ ነው፤ በመሃል 880 የሚባል መንገድ አለ፣ መንገድ ከተባለ። እንደኔ ላለ ዓይን አፋር ደግሞ አርፍዶ ስብሰባ መግባት ማለት… በሩ ሲንሲያጠጥ፣ ሁሉም ዞር ሲል፣ አንዱ ደግነቱ በዝቶ ወንበር ሲስብልሽ! አንድ ቀን አርፍጄ ስደርስ በመስታወቱ አየኋቸውና ስብሰባው እስኪያልቅ መጸዳጃ ቤት ተቀመጥኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የመጸዳጃ ቤቱ ግን ያን ያህል አያወጣም።

ስለዚህ የሚቀሰቅሰኝ ሰዓት ሠራሁ። መዳፍ የምታክል ኮምፒዩተር፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ስፒከር፣ የጫማ ካርቶን… በቃ። ካሌንደሬን ያነባል፣ ትራፊኩን ያያል፣ መነሳት ያለብኝን ጊዜ አስልቶ በራሴ ድምፅ ይቀሰቅሰኛል፤ አጠገቡ ከሌለሁም በስልኬ ይጠራኛል። ዋናው ብልሃቱ ግን መማሩ ነው። ካሌንደሩ ላይ የጻፍኩትን፣ ስልኬ በእርግጥ ከነበረበት ቦታ ጋር እያስተያየ ጠባዬን ያጠናል። ለወራት በሰላም ኖርን። ስብሰባ ከሁሉ ቀድሜ እየገባሁ ጥጉን የግሌ አደረግኩት።

ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ ኤርትራዊት ይኖራሉ። ያደጉት አዲስ አበባ ስለሆነ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ሲቆጡና ሲወዱ ብቻ ትግርኛ ይቀላቅሉበታል። ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ዜግነታቸው ደርሶ የቀረው ቃለ መሐላው ብቻ ነበር። ደረጃ ላይ ያዙኝና በመኪናዬ ራይድ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ፤ ሐሙስ ጠዋት ስምንት ሰዓት፣ ዳውንታውን። ካመለጣቸው ሌላ ቀጠሮ መቼ እንደሚሰጧቸው እግዜር ነው የሚያውቀው። ባለፈው ለአሻራ የወሰዳቸው የእህታቸው ልጅ አርፍዶ ስንት ወር አስጠብቋቸዋል። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ እጄን አልለቀቁም። እኔም ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ካሌንደሬ ላይ በአማርኛ ጻፍኩት፦ «እትዬ ለተብርሃንን መሐላ ማድረስ»።

ሐሙስ ጠዋት ሰዓቴ ሲቀሰቅሰኝ እንቅልፌን ጠግቤ ነበር። ልብ በሉ፣ በዚህ አገር እንቅልፍ ጠግቦ መነሳት የአደጋ ምልክት ነው። ስልኬን አየሁት። ስምንት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል…

ሰዓቴ አልተበላሸም፤ ተምሮ ነው እንጂ። በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ቀጠሮ በሰዓቱ እንደሚጀመር፣ በአማርኛ የጻፍኩት ግን (ልደቱም፣ ክርስትናውም፣ ሰርጉም) ሁለት ሰዓት እንደሚዘገይ ከገዛ አመሌ አጥንቷል። ስለዚህ የአሜሪካን መንግሥት ከክርስትና ድግስ ጋር ደምሮ፣ በሉ ትተኛ ብሎ፣ ሁለት ሰዓት ጨመረልኝ።

እትዬ ደግሞ አልደወሉም። የገደለኝ ይሄ ነው። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በሩ ሥር ወንበር ስበው ሲጠብቁ ታዩኝ። ፒጃማዬ ላይ ካፖርት ደርቤ፣ በአንድ እግሬ ስኒከር በሌላው ነጠላ ጫማ አጥልቄ ወረድኩ። በየደረጃው አንድ የይቅርታ ዐረፍተ ነገር ተለማመድኩ፤ በሩ ጋ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። አንኳኳሁ።

እትዬ ከፈቱ። ጸጉራቸው በቢጉዲን ተጠቅልሏል፣ እጃቸው ላይ የተገመጠ ዳቦ አለ።

«ምነው ጓለይ፣ ደህና አይደለሽም?» ጓለይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እትዬ፣ መሐላው… ስምንት ሰዓት…»

«አሥር ነው እኮ።»

«ስምንት ብለውኝ ነበር።»

«ላንቺማ ነው ስምንት» አሉ ዳቦውን እያላመጡ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ራይድ ለሚሰጠኝ ሀበሻ እውነተኛውን ሰዓት ልናገር?» ከራስ ጸጉሬ እስከ ነጠላ ጫማዬ አዩኝ። «ደግሞ ልክ ባሰብኩት ሰዓት ነው የመጣሽው። በይ ልበሺ፤ እንዲህ ሆነሽ ከወሰድሽኝ እኔንም አያስምሉኝም።»

ልናደድ ወይስ ጉልበታቸውን ልሳም? አስቡት እስቲ። እሳቸው ሁለት ሰዓት ዋሹኝ፤ ሰዓቴ ውሸታቸውን አርሞ በልኩ ቀሰቀሰኝ። በመሃላቸው ምንም ያላወቅኩት ዲግሪ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ደረስን፣ ያውም ቀድመን። እትዬ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ማሉ። ስንመለስ መኪና ውስጥ የሰዓቴን ጉድ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ቀበቶአቸውን እያሰሩ አዲሱን ሕጋቸውን አወጁ። ከዛሬ ጀምሮ አሜሪካዊት ናቸው፤ ስምንት ካሉ ስምንት ነው። ቅዳሜ አንድ ሰዓት የደስታ ምሳ አለ፣ እንዳላረፍድ።

ቀጠሮውን ካሌንደሬ ላይ ስጽፈው ሰዓቴ ወዲያው ወደ ሦስት አሸጋሸገው። ሰደብኩት። ሴትዮዋ በመንግሥት ፊት ምለዋል እኮ! አንድ ሰዓት ላይ አበባ ይዤ በራቸው ላይ ቆምኩ።

ጸጉራቸውን በፎጣ እንደጠቀለሉ ከፈቱ። አበባውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከልባቸው አዘኑልኝ። «አይ ጓለይ፣ ሰው ምሳ ሲጠራ በሰዓቱ ይመጣል?» ብለው አበባውን ተቀበሉና በምትኩ ቢላዋና አንድ ከረጢት ሽንኩርት አስያዙኝ።

ሦስት ሊሆን ሲል፣ እንባዬን እያፈሰስኩ ከረጢቱ ሥር ስደርስ ስልኬ ጮኸ። ያለሁት እዚያው ሕንፃ ውስጥ ስለሆነ ሰዓቴ ከቤት የወጣሁ አልመሰለውም። «ተነሺ፣ ልበሺ፣ መውጫሽ ደርሷል» አለኝ። አፉን ሳይዘጋ የመጀመሪያው እንግዳ በሩን አንኳኳ።

እትዬ ወደ በሩ ሲሄዱ ስልኬ ጋ ቆም አሉ።

«ለሱ ስንት ሰዓት ብለሽ ነበር የነገርሽው?»

«አንድ ሰዓት።»

«ጨዋ ነው» አሉ። «ሰው ቤት አይቸኩልም።»